ሁለት ይሸከማሉ፣ አሥራ ስድስት ያዛሉ

የእህቴ ልጅ ለገና ከፈረንጅ አገር ባሕር ዳር መጣች። የሄደችው ለትምህርት ነው፤ ወሬዋ ሁሉ ግን ጀልባ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲዋ የቀዘፋ ቡድን አለው፤ እሷም አባል ናት።

«ጎሽ! እስቲ ክንድሽን አሳዪን» አልኳት።

«እኔ እንኳ አልቀዝፍም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ኮክስ ነኝ። ተቀምጬ አዛለሁ።»

እናቴ ቡና እየቀዳች ነበር፤ ጀበናውን ቀና አደረገችው። «ስንት ሰው?»

«ስምንት። ዘንድሮ ሁሉም ወንዶች ናቸው።»

«ስምንት ወንድ!» አለች እናቴ። «እኔ አንዱን አርባ ዓመት ማዘዝ አቅቶኝ!» አባቴን ነፍሱን ይማረው።

እኔ በሆዴ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ተቀምጦ ማዘዝ ለመማር ባሕር መሻገር ምን አመጣው? እኛ ሰፈር በነፃ ይገኛል።

ልጅቷ ግን አስረዳችን። ቀዛፊዎቹ የሚቀመጡት ወደሚሄዱበት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። ስምንት ጎረምሳ ነፍሱ እስክትወጣ ይጎትታል፤ የት እንደሚደርስ አንዱም አያይም። ፊት ለፊት የምታየው እሷ ብቻ ናት። ጀልባው ከ17 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ እኛ ግቢ ቢገባ አፍንጫው ጎረቤት ይቀራል። እሷ የዚያን መሪ በገመድ ይዛ ታጠማዝዛለች። መሪው በተነካ ቁጥር ደግሞ ጀልባው ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ቀድሞ አይቶ በትንሹ መንካት ነው ጥበቡ።

ክብደትም ይቆጠራል። በዓለም አቀፍ ውድድር ኮክስ ከ55 ኪሎ በታች ከሆነ ማሟያ ክብደት ይዞ ይገባል። እሷ 52 ናት። «አሸዋ በከረጢት ይዤ እቀመጣለሁ» ስትል እናቴ ተቆጣች። «አሸዋ? እዚህ ቤት ቅቤ እያለ?»

ድሮ እንኳ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1900 የፓሪስ ኦሊምፒክ ሁለት የሆላንድ ቀዛፊዎች 60 ኪሎ የሚመዝነውን ኮክሳቸውን ከበደን ብለው አስወረዱት። በምትኩ 33 ኪሎ የሆነ አንድ ትንሽ ልጅ ከዚያው ከፓሪስ አምጥተው አስቀመጡና አንደኛ ወጡ። የልጁ ስም እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። አዛዥ ሆኖ ስሙን ያላስመዘገበ ሰው ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«አሁን የክረምት ልምምድ ላይ ነን» አለች ቀጥላ። እናቴ በመስኮት ወደ ሰማይ አየች። ታኅሣሥ ነው፤ ጠብታ የለም። የኛ ክረምት ሐምሌ ነው፣ ጣና ጉም ለብሶ ሲያጉረመርም። የፈረንጅ ክረምት ግን ብርድ ነው። ወንዙ ሲሞላ ወይ ሲቀዘቅዝ ጀልባው መጋዘን ይገባል። ቀዛፊዎቹ ቤት ውስጥ የቀዘፋ ማሽን ላይ ተደርድረው ይጎትታሉ። ማሽን ደግሞ መሪ አይፈልግም፤ የትም አይሄድማ። ኮክሷ ሥራ ፈታች ማለት ነው።

የሚያዘው ያጣ አዛዥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሰፈራችን አንድ ጡረተኛ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቹን ያሰልፋል።

እሷስ? ከማሽኖቹ ኋላ እየዞረች ቁጥር ታነባለች፤ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሳቡ፣ 500 ሜትሩን በስንት እንደጨረሱ። የስምንቱን ጠባይ ታጠናለች። ማን ይዘገያል፣ ማን ሲደክመው ትከሻውን ይጥላል፣ ማን ሲሰደብ ይነቃል፣ ማን ያኮርፋል። አንዳንዴም ራሷ ማሽኑ ላይ ወጥታ የውድድሩን 2000 ሜትር ትጎትታለች።

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?»

«‹አሥር ቀዘፋ ብቻ ቀረች!› እያልኩ እጮህባቸው የለ? አሥር ምን ያህል እንደሆነች ማወቅ አለብኛ።»

ይቺን ንግግር አልወደድኳትም። ሥራውን ቀምሶ ማዘዝ ከተጀመረ ስንቶቻችን ከወንበራችን ልንነሳ ነው?

የባሰው በማግስቱ መጣ። ማለዳ ክፍሏ ብገባ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ፊቷን ታጨማድዳለች። ጀልባው ላይ ስታዝ ድምጿን ትቀዳዋለች ለካ።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«የአምናውን እየሰማሁ ነው። እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ።»

ዝም ማለት! አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔ ስንት ሠርግ፣ ስንት ልቅሶ፣ ስንት የቆመ መኪና ሲገፋ አዝዣለሁ። አንዱንም ተመልሼ አልሰማሁትም። ቢቀዳ ኖሮ ሰፈር መቀየሬ አይቀርም ነበር።

ከሰዓት መናኸሪያ ወሰድኳት፤ የታክሲ ረዳቶችን ስታይ ዓይኗ በራ። ረዳቱ አይነዳም፤ ግን ኋላውን ያያል፣ ጎኑን ያያል፣ ሰውን ይቆጥራል። ሁሉን አይቶ ሲያበቃ አንድ ቃል፦ «ሳበው!» ቃሏን በስልኳ ጻፈቻት።

በነጋታው ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሐይቁ ዳር ወረድን። አንድ አባት የደንገል ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ አቁመው ያደርቃሉ። ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ካላረፈ አይሆንም። ኮክስ ምን እንደሆነ ነገረቻቸው። በጥሞና ሰሟት።

«እኔ ፊቴን ወደምሄድበት አዙሬ ነው የምቀዝፈው፣ ልጄ» አሏት። «የሚያየውም እኔ፣ የሚደክመውም እኔ። ሰው ብጨምር በምን ልጨቃጨቅ?»

ሞገድ ከጎን ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቀቻቸው። «ሲመጣማ ምን ይደረጋል? ሳይመጣ ነው እንጂ» አሉ። እሱንም ጻፈች።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ ልምጣ። ገና በዋለ በሳምንቱ ጎረቤት ሠርግ ነበረና የእድሩ ድንኳን ሊተከል ተሰበሰብን። ድንኳን አተካከል ሥርዓት አለው። ሁለት ጎረምሶች ምሰሶ ይሸከማሉ። አሥራ ስድስት አዋቂዎች እጃቸውን ኋላ አጣምረው ይቆማሉ።

«ወደ ቀኝ!» ይላል አንዱ።

«በማን ቀኝ?»

«አንሳው! አንሳው! ኧረ አውርደው!»

ከዚያ ዋናዋ ትመጣለች፦ «ኧረ እንደሱ አይደለም!» እንዴት እንደሆነ ግን አይነገርም። እኔ የታወቅኩት በዚህች ቃል ነው። የዚያን ቀን ሰባት ጊዜ ብያታለሁ፤ ድንኳኑ ሦስት ጊዜ ወድቋል።

የእህቴ ልጅ የልጆቹን ሻይ ይዛ መጣች። ትሪውን አስቀመጠች። ምሰሶ የያዙትን ስማቸውን ጠየቀቻቸው። ሌሎች አራት ልጆች ጠርታ ገመድ አስያዘቻቸውና ሁሉን ከምታይበት ቦታ ሄዳ ቆመች። ከዚያ ዝም አለች። እኛም ግራ ገብቶን ዝም አልን።

«በሦስት። አንድ፣ ሁለት፣ ሳበው!»

ድንኳኑ ቆመ።

ማንም አላጨበጨበም። አንዱ «ገመዱ የላላ ይመስላል» አለ። ሌላው «ማንን አማክራ ነው?» አለ። እውነቱን ለመናገር ችግሩ ሌላ ነበር። ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ እስከ ስድስት የሚበቃ ትእዛዝ ይዘን ነበር የመጣነው።

ማታ ቡና ላይ ልጆቹ ከበቧት። ያሸነፈ ቡድን ኮክሱን አንስቶ ውኃ ውስጥ ይወረውራል፣ ልማዱ ነው ብላ ነገረቻቸው። ሁሉም ወደ ጣና አቅጣጫ ዞሩ።

«በዚህ ጨለማ? ጉማሬ አለ እኮ!» አለች እናቴ። ተነስታ ጓዳ ገባች፤ ውኃ በጆግ ሞልታ መጣችና የልጅ ልጇ ራስ ላይ ገለበጠችው። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

እኔም ለማንኛውም ብዬ ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ቡፌው ላይ አስቀምጬ ነበር። ትንሽ ቆምኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።