ሦስተኛው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ከጭራ የሚመደበው በግፍ ነው

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ጌም ቤቶች ሥልጣኔ እየገነቡ ሠራዊት የሚያዋጉበት የኮምፒውተር ጨዋታ የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ወሬ ከተነሳ የደረጃ ክርክር አይቀርም። ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ከሁሉም በላይ፣ አራተኛው ቀጥሎ፣ የመጀመሪያው ለአንጋፋነቱ ሲባል ሦስተኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከጭራ። የአንደኝነቱን ፍርድ እቀበላለሁ፤ የጭራውን ግን ፍርደ ገምድልነት እለዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን ሁለተኛውን ጨዋታ አንደኛ የሚያደርገው ከጦርነቱ ይልቅ እርሻው ነው። አንድ ማሳ 60 እንጨት ያስከፍላል፤ ምርቱ ሲያልቅ ተጫዋቹ ሌላ 60 እንጨት ካላወጣ መሬቱ ጦም ያድራል፣ ገበሬውም እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ፈረሰኛ ሲያዋጋ የቆየ ሰው ፊቱን ወደ ቀዬው ሲመልስ ግማሹ ማሳ ተራቁቶ ያገኘዋል፤ ሠራዊት በስንቅ እንደሚያድር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም፤ ጤፍ ሲታረስና ሲታጨድ እያየ ላደገ የጎጃም ልጅም ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በ2000 የወጣው ዘ ኮንከረርስ የተሰኘው ተጨማሪ ክፍል የዘሩን ዋጋ አስቀድሞ ወፍጮ ቤቱ ላይ መክፈል እንዲቻል በማድረጉ ድካሙን አቃለለ እንጂ ሒሳቡን አላስቀረም። በ2015 ደግሞ ፈጣን ቀስተኞችና የሾተል ተዋጊዎች ያሏት፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ በድንቅ ሥራነት የምታቆም ኢትዮጵያ ገባችበት። ከዘመቻዎቹ የአንዱ ባለታሪክ ዮዲት ናት፤ ስለ ተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናት ሲተረክ እየሰማ ላደገ ሰው እርሷን ወግኖ መዋጋት መጀመሪያ ላይ ሳይከብደው አይቀርም።

በ2005 በወጣው ሦስተኛው ላይ የሚቀርበው ክስ የታወቀ ነው፦ ገበሬው ምርቱን ተሸክሞ ወደ ጎተራ አይመላለስም፣ ወፍጮውም ምርቱ አያልቅበትም። ክሱ እውነት ቢሆንም ከሳሾቹ ጨዋታው ያንን ሒሳብ አንሥቶ በቦታው ምን እንደተካ አይጠይቁም። ተጫዋቹ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ከእናት ከተማው የሚላኩለትን የእርዳታ ካርዶች መርጦ ይደለድላል፤ ከዚያ በኋላ አሁን እንጨት ይምጣልኝ ወይስ ወታደር የሚለው ውሳኔ እስከ መጨረሻው አይለቀውም። በእኔ ዓይን ይህ ከእርሻው ሒሳብ ቢለይ እንጂ አያንስም።

በ2021 ዘ አፍሪካን ሮያልስ የተሰኘው የሦስተኛው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ኢትዮጵያ ጎንደርን እናት ከተማዋ አድርጋ በሴባስቶፖል መድፍ ታጅባ መጣች። ጎጃም ለቴዎድሮስ ያለው ትዝታ የተደባለቀ ነው፤ የጎጃሙ ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1852 ጉር አምባ ላይ የወደቁት ገና ካሣ ይባል ከነበረው ከቴዎድሮስ ጦር ጋር ሲዋጉ ነውና። ቢሆንም ጋፋት ላይ ተቀልጦ በሰው ጉልበት ወራት በፈጀ ጉዞ በ1868 መቅደላ የደረሰውን መድፍ ከሌላው ዓለም መሣሪያ ጋር ተሰልፎ ማየት የሚናቅ ነገር አይደለም። ሦስተኛውን ጨርሶ ሳይነካው በስሚ የሚያወርደው ሰው ይህንንም ሳያየው ያልፋል።

በዚያው በ2021 የወጣው፣ ሬሊክ የተባለው ኩባንያ የሠራው አራተኛው ጥሩ ጨዋታ ነው፤ በተለይ ሞንጎሎች ቤታቸውን ነቅለው በጋሪ ጭነው መሄዳቸው ግሩም ሐሳብ ነው። ሲወጣ ከያዛቸው 8 ሥልጣኔዎች መካከል ከሰሐራ በታች ያለ አንድም አልነበረም፤ ማሊ የተጨመረችው በ2022 ነው። ዝቅ ያደረግሁት ግን በዚህ ምክንያት አይደለም። ከሁለተኛው ብዙ ወርሶ ከራሱ የጨመረው ጥቂት ስለሆነ ሦስተኛ ደረጃ ይበቃዋል።

የ1997ቱ የመጀመሪያው ከሁሉም በኋላ ይመጣል። መንገዱን የጠረገው እርሱ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የሕዝብ ጣሪያው 50 ነበር፣ ወታደርን በተራ አሰልፎ ማሠልጠን የተቻለውም ዘ ራይዝ ኦፍ ሮም የተሰኘው ተጨማሪ ክፍሉ በ1998 ከወጣ በኋላ ነው። ለአንጋፋነቱ ብለው ከፍ የሚያደርጉት ሰዎች ዛሬ ከፍተው ሠራዊታቸውን በአንድ ጠባብ የወንዝ መሻገሪያ ለማሳለፍ ቢሞክሩ፣ ግማሹ ሲጋፋ ግማሹ ወደ ኋላ ሲዞር እያዩ ደረጃውን ራሳቸው ያወርዱታል።