የቀይ ትራሱ ሊቅ

ኔብራስካ ግዛት፣ ሊንከን ከተማ፣ ስታዲየም ውስጥ ከፊቴ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት አሉ። ቀይ ኮፍያ፣ ቀይ ሹራብ፣ ከሥራቸውም ቀይ ትራስ። የሬዲዮ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ዓይናቸው ሥር የሚካሄደውን ጨዋታ ሌላ ሰው ይተርክላቸዋል። ለአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ዕድገት የእርሳቸውን ያህል የደከመ ሰው አላውቅም። አሰልጣኙ በዓመት ሚሊዮኖች እየተከፈለው፣ ቪዲዮ ሲመረምር አድሮ ያላገኘውን መልስ እርሳቸው ከትራሳቸው ሳይነሱ ያገኙታል። መልሱም አንድ ቃል ነው፦ «ሩጡ!»

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት 4 ሙከራ ይሰጠዋል። ኳሷን ታቅፎ መሮጥ ይቻላል፤ ወደ ፊት መወርወርም ይቻላል። የቀረው ሁሉ ሃይማኖት ነው።

ሃይማኖቱ ደግሞ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ሜዳ ላይ የሚሞቱ ወጣቶች በዝተው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሳይቀሩ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችን ዋይት ሐውስ ጠርተው መከሩ። በማግስቱ ዓመት ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ። ሲፈቀድም እንደ እንጀራ ልጅ ነበር፤ ውርወራዋ ማንም ሳይነካት መሬት ከወደቀች ኳሷ ለተቃራኒ ቡድን ትሰጣለች። ለቀይ ትራሱ ሊቅ ይህ ደንብ የተሻረበት ቀን እስከ ዛሬ የሐዘን ቀን ነው።

ሐዘናቸው አይፈረድበትም፤ ያዩትን አይተዋል። በአሰልጣኝ ቶም ኦስቦርን ዘመን ኔብራስካ የምትፈራው ኦፕሽን በሚባለው የሩጫ ስልት ነበር። አጥቂዎቹ አንዱን ተከላካይ ሆን ብለው ሳይነኩት ይተዉታል። ኳርተርባኩ፣ ማለትም የአጥቂዎቹ መሪ፣ ኳሷን ይዞ በቀጥታ ወደዚያ ሰው ይሮጥና ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሰውየው ሊይዘው ከመጣ፣ ኳሷን በጎኑ ለሚሮጠው ጓደኛው ያቀብላል፤ ጓደኛውን ሊጠብቅ ከሸሸ፣ ራሱ ይዟት ይሄዳል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት የኔብራስካ ተጋጣሚዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በገላቸው ይማሩት ነበር።

እንግዲህ የሊቁ ትልቅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በጥር 1984 በማያሚ ቡድን 31 ለ30 ሲሸነፉ፣ የመጨረሻዋ ባለ 2 ነጥብ ሙከራ የተደረገችው በውርወራ ነበር፤ ኳሷ በተከላካይ ጣት ተነክታ ወደቀች። ሊቁም «መሮጥ ነበረባቸው» አሉ። ከ1988 እስከ 1994 ደግሞ በየአዲስ ዓመቱ መግቢያ ሰባት ጊዜ በተከታታይ ሲሸነፉ፣ «በዚህ ዘመን በሩጫ ብቻ ማን ያሸንፋል?» አሉ። በጥር 1996 ኔብራስካ በውርወራዋ የታወቀችውን ፍሎሪዳን 62 ለ24 ረታች፤ 524 ያርድ በሩጫ ብቻ! ያን ቀን ሊቁ ምን እንዳሉ ልጽፍላችሁ አይገባም። ድሮም ብለው ነበር።

ይህን የመሰለ ጽናት አሰልጣኝ ሊኖረው አይችልም፤ አሰልጣኝ የሚናገረው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ነውና።

ፍራንክ ሶሊች የኦስቦርን ተተኪ ነበር፤ ሩጫውንም እንደ አባት አደራ ጠበቀ። በ2001 የውድድር ዘመን ለብሔራዊ ዋንጫ ተጫወተ፤ በ2003 9 ጊዜ አሸንፎ 3 ጊዜ ተሸነፈና ተባረረ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነው የምትሉ ካላችሁ የዘመናዊነት ትርጉም አልገባችሁም። «ዘመናዊ መሆን ያስፈልጋል» አሉ ሊቁም። ከፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ቢል ካላሃን ከነውርወራው መጣ። በ2004 ቴክሳስ ቴክ ኔብራስካን 70 ለ10 ሸኘቻት። ውርወራ ማየት የናፈቀ ሁሉ ጠግቦ ገባ፤ ወርዋሪው ግን የሌላው ቡድን ነበር። ያ ዓመት በ5 ድልና በ6 ሽንፈት ተዘጋ፤ ከ1961 ወዲህ ሊንከን እንዲህ ያለ ዓመት አታውቅም ነበር። በ2007 ካንሳስ ላይ ጭራሽ 39 ነጥብ አስቆጠሩ። ያኛው 76 ባያስቆጥር ጥሩ ነበር። ካላሃንም ተባረረ፤ ሊቁም «እኔ ድሮም ኦፕሽኑን አትንኩ ብያለሁ» አሉ። በ2003 ያሉትን ላስታውሳቸው አስቤ ትራሳቸውን አየሁና ተውኩት።

ኔብራስካን ብቻ እያመሰገንኩ ጎረቤቷን አይዋን ብረሳ ግን ኃጢአት ይሆንብኛል። እዚያ የሚወደደው ሩጫም ውርወራም አይደለም። በመስከረም 2022 አይዋ ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 7 ለ3 አሸነፈች። ይህ ውጤት ሲያዩት አንድ ታችዳውን ይመስላል፤ ኳሷን ጎል መስመር አሻግሮ ከነጭማሪዋ 7 ነጥብ የሚገኝበት። አይደለም። ሦስቷ ነጥብ በእግር ተመትታ የገባች ናት፤ አራቱን ያገኙት ተከላካዮቹ ናቸው፤ ባላጋራቸውን በገዛ ክልሉ ሁለት ጊዜ ጥለው። አጥቂው ክፍል ጎል መስመር ሳይረግጥ ጨዋታው አለቀ፤ ሕዝቡም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። የዚያን ዘመን ጀግናቸው ማን መሰላችሁ? ሥራው ኳሷን በእግሩ አርቆ ጠልዞ ለተቃራኒ ቡድን ማስረከብ የሆነው አውስትራሊያዊው ቶሪ ቴይለር። ኳሷን ለሚያስረክብ ሰው የሚያጨበጭብ ሌላ ሕዝብ ካለ ጥሩልኝ። ለ2023 የአጥቂው ክፍል አሰልጣኝ፣ የዋናው አሰልጣኝ ልጅ፣ ውሉ ላይ ቡድኑ በአማካይ 25 ነጥብ እንዲያስቆጥር ግዴታ ተጻፈበት። ቸርነቱን ተመልከቱ፦ ተከላካዮቹ የሚያስቆጥሩትም ይታሰብለታል። ያም ሆኖ አማካዩ 15 ገደማ ላይ ቆመ፤ ቡድኑ ግን 10 ጊዜ አሸነፈ። ልጁ ሥራውን ሲያጣ አባቱ ማሸነፉን ቀጠለ። በዚሁ ዓመት ሚሺጋን ፔን ስቴትን ስትረታ ከዕረፍት በኋላ አንድም ውርወራ ሳይመዘገብላት በሩጫ ጨርሳለች፤ ይህን ለቀይ ትራሱ ሊቅ ሳነሳላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ባለፈው ጨዋታ ሦስተኛው ሙከራ ላይ 1 ያርድ ቀርቶ ነበር። «ሩጡ!» አሉ። ሮጡ። ልጁ ክምር ሥጋ ውስጥ ገብቶ ቀረ። «ሩጫ መሆኑን እኮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል!» ብለው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ መቱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያው ሦስተኛ ሙከራ፣ ያው 1 ያርድ። ኳርተርባኩ ወረወረ፤ ኳሷ ተጠለፈች። ወደ እኔ ዞር አሉ። «ለ1 ያርድ ማን ይወረውራል? እስቲ አንተ ንገረኝ።»

«እውነትዎን ነው» አልኳቸው።

መስማማቴ ደስ አሰኛቸውና ሩንዛቸውን ቆርሰው ሰጡኝ፤ በሥጋና በጥቅል ጎመን የተሞላ ዳቦ ነው፣ ሳምቡሳ አድጎ ቢወፍር የሚሆነው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ አልኩ።

«እናንተ አገር ይሮጣል ወይስ ይወረወራል?»

«እኛማ ሩጫ ነን።»

ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወለቁ። በዚያ ሁሉ ጨዋታ ሲያወልቁት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ስንት ያህል ትሮጣላችሁ?»

«10 ሺህ ሜትር።»

አንገታቸውን አዘንብለው ወደ ያርድ ሲመነዝሩት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«አንድም ሳትወረውሩ?»