ማስተካከያ፦ «ብልቱን ከመታችሁት አለቀ» ያልኩት ስህተት ነው

ባለፈው ሳምንት ስለ ራስ መከላከል ስጽፍ «ብልቱን ወይም ጉሮሮውን የተመታ ሰው ሁሉ ይወድቃል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እዚህ ደሴ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆችም ይኸንኑ ስለነገርኳቸው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ምቱ ያማል፣ ግን ዋስትና የለውም። በድንጋጤና በንዴት ጊዜ ሰውነት የሚያመነጨው አድሬናሊን ሕመምን ያደበዝዛል። በ1994 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የዩኤፍሲ 4 (የአሜሪካ የፍልሚያ ውድድር) ቪዲዮ ላይ ኪት ሃክኒ ተጋጣሚውን ጆ ሶንን ብልቱ ላይ በቡጢ ደጋግሞ ሲመታው ይታያል፣ ያኔ ይፈቀድ ነበር፣ ሰውዬው ግን ወዲያው እጅ አልሰጠም። ትናንት ማታ እኛም መከላከያ አድርገን ሞከርነው። ጓደኛዬ ጉልበቱን ትንሽ ወደ ውስጥ ሲያዞር እርግጫዬ ጭኑ ላይ አረፈ። እግሬንም ቀለብ አደረገው።

ጉሮሮ ደግሞ ከባድ ነው፤ የአየር ቧንቧ ተጎድቶ ሰው ሊሞት ይችላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፣ ግን ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ካለፈ በአንቀጽ 79 ሊያስጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ የድሮውን ጽሑፍ ያጋራችሁ እባካችሁ ይኼንንም አጋሩ። ማታ ከፒያሳ ስትመለሱ አንድ ሰው ቢይዛችሁ፣ መትታችሁ እስኪወድቅ አትጠብቁ። እጁ ላላ ሲል ሩጡ፣ ጩኹ፣ ሰው ወዳለበት ግቡ።