ከካርቱም የመጣው ልጅ ነገ ስለ ዓባይ ምን ይላል?

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ «ፖሊ» ያለ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው። ጃንሆይ የአሜሪካ ወዳጅ ነበሩ፤ ሞስኮ ግን ጨርቃጨርቅ፣ እንጨትና ብረታ ብረት ሥራ የሚያስተምር ተቋም ጣና ዳር ተከለች። በዚያው ዘመን ሶማሊያን ታስታጥቅ እንደነበር አልዘነጋሁም። ቢሆንም እዚያ የተማሩ አዛውንቶች ስለ ሩሲያውያን መምህሮቻቸው ክፉ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች ከ30 ዓመት በላይ አልፏል።

በጦር ሳይሆን በወዳጅነት ልብ መማረክ ነው፤ ምሁራን ይህን «ለስላሳ ኃይል» ይሉታል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል ከገቡት ስደተኞች ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ደብተሩም ድንኳኑም በአብዛኛው ከውጭ ለጋሽ ይመጣል፤ ቦርሳው ላይ አርማ ይታተማል። «ይህ ማስታወቂያ እንጂ እርዳታ አይደለም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔን አያስቆጣኝም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በአልበርት አንስታይን ስም (እርሱም ስደተኛ ነበር) ስደተኞችን በዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ በእኛም አገር። ተመራቂው ጀርመንን ቢወድ ምን ይገርማል? የሚቆጨኝ መሬቱ የእኛ፣ ጎረቤቱም እኛ ሆነን ሳለ ከወዳጅነቱ ድርሻችንን አለመጠየቃችን ነው።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የስደተኛ ልጅ እስከ አንደኛ ደረጃ ከኢትዮጵያዊ እኩል እንዲማር ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ ያለውን ግን በአገሪቱ አቅም ይወስነዋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ወዳጅና ጠላቱን የሚለይበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ በሩ ይጠብበታል። ይህ ልጅ አንድ ቀን ካርቱም ይመለሳል። ምናልባት መሐንዲስ ሆኖ በዓባይ ድርድር ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጥ ይሆናል። አማርኛ የሚሰማ፣ ጢስ ዓባይን በዓይኑ ያየ፣ የዶርም ጓደኛው ጎጃሜ የነበረ ተደራዳሪ ከማዶ ቢኖረን ዋጋው ስንት ነው?

«የራሳችን ልጆች ቤት ተቀምጠው?» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በግጭቱ በአማራ ክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እያየን፣ የመተማ ወላጅ ለእንግዳው ልጅ ብቻ ድንኳን ሲተከል ቢያኮርፍ አልፈርድበትም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከመጠለያ ጣቢያው አጥር ውጭ ይሠራ፤ የመተማውም የካርቱሙም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ። ለጋሹ ከፈለገ አርማውን በሩ ላይ ይለጥፍ። አሥራ ሁለተኛን ላለፉት ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ፔዳም ሆነ ፖሊ፣ ቦታ ያዘጋጁ፤ ለጀማሪ አንድ ክፍል ይበቃል።