«ቢበላሽ ማንን እንይዛለን?» ቴሌግራምንስ ማን ይዞት ያውቃል?

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከእንግዲህ የውስጥ ደብዳቤ፣ የስብሰባ ጥሪና ሪፖርት ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ይላካል ይላል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ይበቃል። ወረቀቱን ብቻ ቢሆን አልፈው ነበር። ያንገበገበኝ ከመለጠፉ በፊት በስብሰባ ላይ የተባለው ነው።

የአይቲ ልጆቻችን ሌላ ነገር ይዘው ቀርበው ነበር። ስቶር ውስጥ የተጣለ ዴስክቶፕ አንስተው ኡቡንቱ የሚባል ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫኑበት። ለመልእክት ማትሪክስን፣ ለፋይል ኔክስትክላውድን አስገቡበት። ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው። ኮዳቸው ክፍት ነው፤ የፈለገ አውርዶ በራሱ ሰርቨር፣ ማለትም መልእክቱንና ፋይሉን ይዞ ለሌሎቹ በሚያደርስ ኮምፒውተር ላይ ይጭናቸዋል፣ ለፈቃድ የሚከፍለው የለም። ሁለት ሳምንት ሞከርነው፤ ሠራ። አለቃችን አዳምጠው አዳምጠው ምን አሉ? «ይኼ ነፃ የተባለው ነገር ቢበላሽ ማንን ልንይዝ ነው? የትልቅ ካምፓኒ ይሻላል።» ተጨበጨበ።

ለመሆኑ ለቴሌግራም ስንት ብር እየከፈልን ነው? እሱም ነፃ ነው እኮ! ውል የለንም። ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት የለንም። ሲበላሽ የምንደውልለት ሰው የለም። የአይቲው ልጅ ግን ሁለተኛ ፎቅ ነው ያለው። ከፈለጉ ሄደው ጆሮውን መቆንጠጥ ይችላሉ። «ማንን እንይዛለን» ብሎ ጠይቆ፣ ሊያዝ የሚችለውን ትቶ የማይያዘውን መምረጥ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ከእኔ ቢሮ እስከ መዝገብ ቤት 32 ደረጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። የቆጠርኩት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በጠፋበት ጊዜ ነው። እኛ ቢሮ ሌላም ኢንተርኔት አልነበረም። በሕንፃው ውስጥ የተዘረጋው ኬብል ግን ደህና ነበር። ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይሠራል። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ደብዳቤ የምንልክበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ በኢንተርኔት ባሕር ተሻግሮ፣ ሰው አገር ደርሶ፣ ተመልሶ 32 ደረጃ የሚወርድ። እሱ ሲቆረጥ ቁጭ አልን። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ፍላሽ በአንገታቸው አንጠልጥለው ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ዋሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በየመዞሪያው ግድግዳ ይዘው ያርፋሉ። በሦስተኛው ቀን ፍላሹን ቫይረስ ገባበትና ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቁጭ አለ። አንዱን የሩብ ዓመት ሪፖርት ሦስት ጊዜ ጻፍነው።

ያን ጊዜ ያ የተጣለ ዴስክቶፕ ደረጃው ሥር ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ መልእክቱ ከሕንፃው ሳይወጣ ይደርስ ነበር። ሰርቨሩ እዚሁ ነዋ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ከውጭ ሰው ጋር ለመገናኘት ነው። ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ለመላክ ኬብሉ ወይም የቢሮው ዋይፋይ ይበቃል። ይህን ያየ ሰው፣ ያውም በዚህ ከተማ የኖረ ሰው፣ እንዴት ተመልሶ ያንኑ አንድ መንገድ ይመርጣል? ከዚያ በፊትም ቴሌግራም ራሱ ከፌስቡክ፣ ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ጋር በየካቲት 2015 ተዘግቶ እስከ ሐምሌ ቆይቷል። እገዳ ማለፊያውን ቪፒኤን ያልጫነ ማን ነበር? የመንግሥት ደብዳቤ በቪፒኤን ሊሾልክ ነው እንግዲህ።

የፋሲል ግቢ አጥር 12 በር አለው። የአሥራ ሁለቱም ቁልፍ ዱባይ ያለ ሰው ኪስ ውስጥ ቢሆን ምን እንል ነበር? የቴሌግራም ዋና ቢሮ ዱባይ ነው።

የትልቅ ካምፓኒ ነገር ይታወቃል። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ራሳቸው በሠሩት የኔትወርክ ስህተት ለስድስት ሰዓት ያህል ድርግም አሉ። ማን ያዛቸው? ማይክሮሶፍት ስካይፕን እ.ኤ.አ. በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሚያዝያ 27 ቀን 2017፣ እኛ የአርበኞችን በዓል ስናከብር፣ ዘጋው። «ነፃ የድሃ ነው» የሚለኝ ካለ ደግሞ፣ የፈረንሳይ መንግሥት ሠራተኞች የሚጻጻፉበት ቻፕ የሚባለው መተግበሪያ የተሠራው በማትሪክስ ላይ ነው። የጀርመን ጦርም የራሱን በዚያው ላይ ሠርቷል። እነሱ ገንዘብ አጥተው ይመስላችኋል?

ስለ ምሥጢር ደግሞ ባልናገር ይሻላል። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ አይመሰጠርም፤ የጻፍነው ሁሉ እነሱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ሩቅ አልሂድ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለቆ ባሕር ዳር የገባ ባልደረባችን አሁንም ግሩፓችን ውስጥ አለ። የማን ደመወዝ እንደተቀጣ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። የግሩፑ ባለቤት ደግሞ የአንዲት ጸሐፊ የግል ስልክ ነው። ስልኩ ቢሰረቅስ?

እሺ፣ ሰርቨር ሰው ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ ያሻል። ባክአፕ መያዝ አለበት። ልጁ ለቆ ፓስወርዱን ይዞ ቢሄድ ጉድ ነው፤ ይህን አምናለሁ። ፓስወርዱን በፖስታ አሽጎ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ ግን ያቅተናል? የመኪና ቁልፍ እናስቀምጥ የለ? ጣጣው እሱ አይመስለኝም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ ልጆቹ የእኛው ልጆች ስለሆኑ ነው።

ማስታወቂያው ዛሬም ሰሌዳው ላይ አለ። ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ ይታየኛል። ቴሌግራም የተቋረጠ ቀን የምንይዘው ሰው ስምና ስልክ ቁጥር እዚያ ይጻፍልን።