ጥንቁቅነት፣ ዕድሜ እና ከአረጋውያን እጅ የምንወስደው ሥራ

አረጋውያን ወላጆቻችንን ስንመክር ቶሎ ከአፋችን የሚወጣው «አታስቡ፣ ተጫወቱ፣ ሳቁ» የሚለው ቃል ነው። ረጅም ዕድሜንና ተጫዋችነትን አጥብቀን ከማያያዛችን የተነሣ፣ ለሰማንያ ዓመት እናት ከሳቅ የበለጠ መድኃኒት ያለ አይመስለንም። የሰው ጠባይ ከዕድሜው ርዝመት ጋር ያለውን ዝምድና ለአሥርት ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ከምክራችን ባሻገር በየቤታችን አረጋውያንን የምንይዝበት መንገድ መለወጥ አለበት ብዬ ስለማምን ነው።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር የነበረው ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,500 የሚበልጡ ብሩህ ልጆችን መከታተል ጀመረ። ተርማን ሊያጠና የፈለገው የልጆቹን የአእምሮ ብቃት ቢሆንም፣ ወላጆችና መምህራን ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጠባይ የሰጡት ምስክርነት አብሮ ተመዝግቦ ቆየ። ተርማን በ1956 ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃዋርድ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ያንን መዝገብ ከሞት የምስክር ወረቀቶች ጋር አመሳከሩትና ውጤቱን በ1993 አሳተሙ። በልጅነታቸው ጥንቁቅ የተባሉት ረዘም ያለ ዕድሜ ኖረው ተገኙ፤ ደስተኛና ቀልደኛ የተባሉት ግን በአማካይ ቀድመው ሞተዋል።

እዚህ ላይ ጥንቁቅነት የምለው ፈሪነትን አይደለም። የጀመረውን የሚጨርስ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ቀጠሮ የማያሳልፍ፣ ዕቃውንም ገንዘቡንም በሥርዓት የሚይዝ ሰው ያለውን ጠባይ ማለቴ ነው። ተመራማሪዎች ከአምስቱ ዋና ዋና የሰብዕና ባሕርያት እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። በ2008 የታተመና ከተለያዩ አገሮች የመጡ 20 ናሙናዎችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም ዝምድናውን አረጋግጧል።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ግን በአሜሪካ በካቶሊክ መነኮሳትና ካህናት ላይ የተደረገውና በ2004 ውጤቱ የወጣው ክትትል ነው። ከ800 የሚበልጡት ተሳታፊዎች በአማካይ ሰባ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሲሆኑ፣ የኑሯቸው ሁኔታም በእጅጉ ይቀራረባል፤ ጸሎቱም ማዕዱም ማኅበራዊ ኑሮውም ተመሳሳይ ነው። እንዲያም ሆኖ በጥንቁቅነት ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት በክትትሉ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። የገዳም ሕይወት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንድ ደወል የሚነሡና በአንድ ሥርዓት የሚያድሩ ሰዎች መካከል እንኳ ጠባይ ልዩነት ማምጣቱን ያሳያል።

ምክንያቱ በከፊል ግልጽ ነው። ጥንቁቅ ሰው ብዙም አያጨስም፣ ሲጠጣም ልክ ያውቃል፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ሲታዘዝለት «ተሽሎኛል» ብሎ በመሐል አያቋርጥም። ተጫዋቹ ግን «ምን ይመጣብኛል» የማለት ዝንባሌ አለው።

ይህን ስል ተስፋን ማጣጣሌ አይደለም። በ2019 የታተመና ወደ 70,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ነርሶችን ያካተተ ጥናት፣ መልካም ነገር እንደሚመጣ የሚጠብቁ ሰዎች በአማካይ ከ11 እስከ 15 በመቶ ረዘም ያለ ዕድሜ እንዳላቸው አሳይቷል። ይሁንና ተስፈኛነት ሌላ፣ ጨዋታ ወዳድነት ሌላ ነው። ነገን ተስፋ የሚያደርግ ሰው ለነገ ይዘጋጃል፤ በዚህም ከቀልደኛው ይልቅ ለጥንቁቁ የሚቀርብ ይመስለኛል። ጭንቀትም ቢሆን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። በብሪታንያ ከ300,000 በላይ ሰዎችን የመዘገበ ጥናት በ2017 እንዳሳየው፣ ሰዎች ስለ ጤናቸው የሰጡት ግምት ከግምት ውስጥ ሲገባ፣ የመጨነቅ ዝንባሌ ያላቸው የመሞት ዕድላቸው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለ ጤናው የሚሰጋ ሰው ሕመሙን ሳይንቅ ቶሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ በመሆኑ ሊሆን ይችላል። «አታስቡ» የሚለው ምክራችን አንዳንዴ ጎጂ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብ። እነዚህ ሁሉ የአማካይ ውጤቶች ናቸው፤ በለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ተጠንቅቀው ቢሆን ኖሮ» ለማለት ለማንም ፈቃድ አይሰጡም። መድኃኒት መግዣ ያጣን ሰው በጠባዩ መውቀስ ግፍ ነው።

ታዲያ ጠባይ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ ከሆነ ለሰባ ዓመት ሰው ምን ማድረግ ይቻላል? ጥንቁቅነት ያለ ሥራ አይኖርም፤ የሚጠነቀቁለት ነገር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን በኮነቲከት በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ያደረጉትን ሙከራ የማነሣው ለዚህ ነው። ከ91 ነዋሪዎች ለከፊሎቹ ስለ ኑሯቸው ራሳቸው እንዲወስኑ ተነገራቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚንከባከቡት ተክል ተሰጣቸው። ለሌሎቹም ተክል ተሰጥቷቸዋል፤ ውኃ የምታጠጣላቸው ግን ነርሷ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኃላፊነት የተሰጣቸው ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ የታየው የሞት መጠን ልዩነት በራሳቸው በአጥኚዎቹ እርማት የተዳከመ ስለሆነ እሱን ማስረጃ አላደርገውም፤ የንቃቱ ልዩነት ይበቃኛል።

እኛ ግን ከፍቅር የተነሣ የነርሷን ሥራ እንሠራለን። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን አካባቢ፣ ልጆች እናታቸውን ሲያከብሩ የመጀመሪያ ሥራቸው ማጀቱን መረከብ ነው፤ ቡናውን ሌላ ያፈላል፣ ገበያውን ሌላ ይወጣል፣ መድኃኒቱንም ልጅ ቆጥሮ ያቀብላል። «እርስዎ ይረፉ» ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቤት ያስተዳደሩ ሴት ከማለዳ እስከ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ፤ ውጭ አገር ከሆነማ ቋንቋውም መንገዱም ስለማይታወቅ የሚጠብቃቸው አንድ ቀጠሮ እንኳ አይኖርም። ያደከማቸውን ሥራ መቀነስ ተገቢ ነው፤ አእምሯቸው ጤናማ ሆኖ ሳለ ሁሉንም መውሰድ ግን ሰዓት እንዲጠብቁና እንዲያስታውሱ የሚያደርጋቸውን ምክንያት መውሰድ ነው።

ስለዚህ የመድኃኒቱ ሣጥን እናትየው ዘንድ ይቀመጥ፤ ልጅ ማታ ማታ ይመልከተው። የሐኪም ቀጠሮው ቀን በእሳቸው ደብተር ይጻፍ። ለብዙ ዓመታት የዕድር መዝገብ ይዘው የኖሩ ጸሐፊም እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አጠገባቸው የሚጽፍ ወጣት ይመደብላቸው እንጂ መዝገቡ አይወሰድባቸው።