ሙታንን ለማሰብ ነው የመጣነው ወይስ ለገበያ?

በቃ፣ መረረኝ! ሙታንን ለማሰብ በተጠራ የጭምብል ዳንስ ግብዣ ላይ አንዱ ባዶ ብርጭቆውን የት ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው? ከሟቾቹ ፎቶ ፊት! ሻማው አጠገብ! ሌላው ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቢዝነስ ካርድ ያድላል። ታዲያ ለምን አጠለቀው? «እስቲ ማን ነኝ?» ይለኛል ሦስተኛው። ወንድሜ፣ ድምፅህ እኮ ከአዳራሹ ጫፍ ይሰማል! የህሊና ጸሎት ሲባል ሳቅ። የሟቾች ስም ሲነበብ ግፊያው ወደ መጠጡ። ፊቱን የሸፈነ ሰው ይሉኝታውንም ይሸፍናል እንዴ?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒስ ሴቶች ሞሬታ የሚባል ጭምብል ነበራቸው። የሚያዘው ከውስጥ ያለችውን የልብስ ቁልፍ የመሰለች ነገር በጥርስ ነክሶ ስለሆነ ማውራት ብሎ ነገር የለም። (ፈጣሪው ይባረክ!) በር ላይ እሱን ቢያድሉን ምን ነበረበት? ለባለ ካርዱ ሁለት።